የድሮውን ኢንተርናሽናል ቲ-6 ባለ ሰንሰለት ትራክተር ገቨርነርና የነዳጅ ሌቫ እንዴት እናስተካክላለን?

ቲ-6 ላይ ተቀምጠው የነዳጅ ሌቫውን ወደ ሙሉ ሲስቡ የካርቡሬተሩን ቢራቢሮ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ድብልቅ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክብ ሳህን) በቀጥታ እየከፈቱ አይደለም። ሌቫው የሚለጥጠው የገቨርነሩን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ራሱ የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ሞላ ነው። ሞላው ቢራቢሮውን ሊከፍት ይጎትታል፤ ከሞተሩ ማርሽ ጋር አብረው የሚሽከረከሩት ክብደቶች ደግሞ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ወደ ውጭ እየተበተኑ ሊዘጉት ይገፋሉ። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ቦታ የሞተሩ ዙር ነው። ሌቫው የሚፈለገውን ፍጥነት ይነግራል፣ ነዳጁን የሚለካው ግን ገቨርነሩ ነው። ይህን ሳይለዩ ቁልፍ ማንሳት ጤነኛውን ገቨርነር ወደ ማበላሸት ይወስዳል። ምክንያቱም “ገቨርነሩ ተበላሽቷል” ተብሎ የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ፒን፣ አየር የሚያስገባ ካርቡሬተር ወይም የደከመ ማግኔቶ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨው) ሆኖ ይገኛል። የዙር ማስተካከያው ብሎን መነካት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ቲ-6ን መሥራት የጀመረው በ1940 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቀጥሏል። በቤንዚን የሚሠራው ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ሲ-248 ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 3 7/8 ኢንች፣ የፒስቶኑ ጉዞ 5 1/4 ኢንች ነው። ፋርሞል ኤም የተባለው ባለ ጎማ ትራክተርም የሚነዳው በዚሁ ሞተር ስለሆነ ብዙ የሞተር መለዋወጫ ከዚያ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለዚህ የቤንዚን ሞተር ብቻ የሚሆኑ ናቸው። ቲዲ-6 የሚባለው የናፍጣ ወንድሙ ገቨርነሩ የሚያዝዘው የናፍጣ ፓምፑን ስለሆነ ሥራው ሌላ ነው። ሌላ ዓይነት የቤንዚን ሰንሰለታም ትራክተር ያለው ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ይውሰድ፤ ቁጥሩን ግን ከራሱ ማሽን መመሪያ ያንብብ።

በቃል መያዝ ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ሚኒሞ (ሌቫው ዝቅ ብሎ ሞተሩ ያለ ሥራ የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር) 425 ዙር በደቂቃ አካባቢ፣ ሙሉ ጭነት ላይ 1450፣ ሌቫው ሙሉ ሆኖ ያለ ጭነት 1595። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ መካከል ያለው የ145 ዙር ልዩነት ጉድለት አይደለም። ክብደቶቹ ተሰብስበው ሞላው ቢራቢሮውን እንዲከፍት ዙሩ የግድ ትንሽ መውረድ አለበት። ይህን መውረድ ለማጥፋት ሲሉ ያለ ጭነት ዙሩን የሚያስጨምሩ አሉ፤ ሞተሩን ይጎዳሉ። በቢየላው (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከኮሎው ጋር በሚያገናኘው ክንድ) ላይ የሚያርፈው የመጎተት ኃይል ከዙሩ ጋር በእኩል አያድግም፤ በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው። 1595ን ወደ 1800 ማሳደግ ዙሩን 13 በመቶ ገደማ ቢጨምረው ነው፤ በቢየላውና በብሎኖቹ ላይ ያለውን ኃይል ግን 27 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። ሰባ ዓመት ያለፈው ብሎን ይህን እንዲችል መጠየቅ አይገባም።

ከመጀመርዎ በፊት

ማሽኑ ሜዳ ላይ ይቁም፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ፍሬኑ ይቆለፍ፣ ብሌድ ካለው መሬት ላይ ይረፍ። ከሰንሰለቱ ፊትም ሆነ ኋላ ሰው አይቁም። ማግኔቶውን የሚያጠፋው ቁልፍ በእርግጥ ሞተሩን እንደሚያጠፋ አስቀድመው ይሞክሩ፤ በእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ የማጥፊያው ሽቦ ተቆርጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። ልቅ ልብስና ረጅም እጅጌ ከማራገቢያው አጠገብ አይጠጋ።

ከሁሉ በላይ ግን፦ ከገቨርነሩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደው ዘንግ ተፈትቶ እያለ ሞተሩን ፈጽሞ አያስነሱ። ቢራቢሮውን የሚዘጋ ነገር ስለማይኖር ጭነት የሌለው ሞተር በሰከንዶች ውስጥ ከልኩ ያልፋል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። በብርሃን የሚያነብ የዙር መለኪያና የሚያንጸባርቅ ቁራጭ ፕላስተር፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ አዲስ ኮፒሊያ (ፒን እንዳይወጣ የሚያስረው ሽቦ)፣ ቀጭን ዘይት፣ እና የኢንች ቁልፎች። የዚህ ማሽን ብሎኖች በኢንች የተሠሩ ናቸው። 13 ቁጥር ቁልፍ የ1/2 ኢንች ራስ ላይ ይገባል፣ ነገር ግን ይላላል፤ የብሎኑን ጥግ የሚበላውም እሱ ነው። 11 ቁጥር ደግሞ የ7/16 ራስ ላይ አይገባም። ፕላስተሩን የሚለጥፉት በኮሎው ፊት ባለው ፑሌጃ ላይ ነው። የማራገቢያው ፑሌጃ መጠኑ የተለየ ስለሆነ እዚያ የተነበበው ዙር የሞተሩ ዙር አይደለም።

መጀመሪያ ሞተሩ ጤነኛ ይሁን

አንድ ሲሊንደር የሚዘልል ሞተር ላይ የተስተካከለ ገቨርነር፣ ካንዴላው በተቀየረ ማግስት እንደገና ይበላሻል። ስለዚህ የአየር ማጣሪያው ዘይት ተቀይሮ፣ የቤንዚን ማጣሪያው ታጥቦ፣ ካንዴላዎቹ ተፈትሸው ይጀመር። ማግኔቶው ኤች-4 የተባለው ዓይነት ከሆነ የፑንቲናው (በውስጡ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት 0.013 ኢንች ወይም 0.33 ሚሊ ሜትር ነው። የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ እንደሞቀ 0.017 ኢንች፣ ማለትም 0.43 ሚሊ ሜትር ነው።

ቀጥሎ አየር የሚያስገባ ቦታ ይፈለግ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ በዘይት ማንቆርቆሪያ ጥቂት ቀጭን ዘይት የቢራቢሮው ዘንግ ከካርቡሬተሩ በሚወጣባቸው ሁለት ጫፎች ላይና በማኒፎልዱ ጋስኬት ዙሪያ ያንጠባጥቡ። ድምፁ ከተለወጠ ወይም ጭሱ ከነጣ አየር እየገባ ነው። ቤንዚን ረጭቶ መፈተሽ ግን በጋለ ማኒፎልድ አጠገብ እሳት መጥራት ነው። የቢራቢሮው ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች በእጅ ሲነቃነቅ የሚታወቅ ክፍተት ካለው ለቶርኖ ሠራተኛ ሰጥቶ አዲስ የነሐስ ቦኮላ (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሞላ ቀለበት) ማስገባት ነው መፍትሔው። ያ ክፍተት እያለ ሚኒሞው የትም ቦታ አይረጋም፤ ነዳጅ ቢጨመርለትም በሌላ ዙር ላይ ያስቸግራል።

ፒኖቹና ዘንጎቹ

ሞተሩ ጠፍቶ ከወንበሩ ይጀምሩና ከሌቫው እስከ ቢራቢሮው ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ በጣት ይያዙ። ሰንሰለታም ትራክተር ከባለ ጎማው የከፋ ንቅናቄና አቧራ አለበት፤ ፒኖቹ ክብ ሆነው የገቡበት ቀዳዳ እየቆየ እንደ እንቁላል ይሆናል። በአንድ ፒን ላይ ያለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ ላይመስል ይችላል። አራት መገጣጠሚያ ላይ ሲደመር ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ገቨርነሩ ያን ያህል ሳይጓዝ ቢራቢሮው ምንም ትእዛዝ አይደርሰውም። ዘግይቶ ይሰማል፣ ዘግይቶም ያልፋል። ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ እንዲያቃስት ከሚያደርጉት ምክንያቶች ይህ ቀዳሚው ነው።

ከገቨርነሩ ወደ ካርቡሬተሩ በሚሄደው ዘንግ ላይ የሁለቱ ጫፎች ልቅነት ተደምሮ አንድ ሚሊ ሜትር ካለፈ ፒኑን መቀየር፣ ቀዳዳው ከሰፋም በቦኮላ መሙላት ወይም ሹካውን (ፒኑ የሚገባበትን የዘንጉን ጫፍ) መቀየር ያስፈልጋል። ፒኑ ቦታ ላይ የሚስማር ቁራጭ ወይም ሽቦ ገብቶ ከተገኘ ዛሬውኑ ይውጣ።

ልቅነት ብቻ ሳይሆን ጥብቀትም ጠላት ነው። ዘንጉን ከሁለቱም ጫፍ ፈትተው ቢራቢሮውን ብቻውን በጣት ያንቀሳቅሱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይያዝ መሄድ አለበት። የገቨርነሩንም ክንድ ለብቻው እንዲሁ። አንዱ ቦታ ላይ ከተያዘ ምክንያቱን ይፈልጉ፦ የታጠፈ ዘንግ፣ የካርቡሬተር ዝቃጭ፣ ወይም በስህተት ተጣሞ የታሰረ ሹካ። መገጣጠሚያዎቹን በካርቡሬተር ማጽጃ ካጠቡ በኋላ አንድ ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ይበቃቸዋል። ግራሶ አይቀቡ። ግራሶ አቧራ ይዞ ፒኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

የዘንጉ ርዝመት

ይህ የሥራው እምብርት ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

ሞተሩ ጠፍቶ ሌቫውን ወደ ሙሉ ያድርጉ። ሞላው ተለጥጦ የገቨርነሩን ክንድ ወደ መክፈቻው ጫፍ ይይዘዋል። በካርቡሬተሩ በኩል ያለውን ኮፒሊያ አውጥተው ፒኑን ይንቀሉ። አሁን በአንድ እጅ ቢራቢሮውን እስከ መጨረሻው ክፍት አድርገው ይያዙ፤ የገቨርነሩ ክንድም በመክፈቻው ጫፍ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በዚህ ሁኔታ የዘንጉ ሹካና የቢራቢሮው ክንድ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት መግጠምና ፒኑ ያለ ጉልበት ተንሸራቶ መግባት አለበት። መዶሻ ወይም ማጠፍ ካስፈለገ ርዝመቱ ልክ አይደለም። የሹካውን መቆለፊያ ዳዶ ፈትተው ሹካውን እያዞሩ ያስተካክሉ። ሹካው በግማሽ ዙርም መልሶ ስለሚገጥም ሙሉ ዙር መሄድ ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ግማሽ ዙር 0.45 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ፒኑ ከገባ በኋላ ሁለት ነገር ይፈተሻል። አንደኛ፣ እጅዎን ለቀው ቢራቢሮው በሞላው ኃይል ብቻ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ይመልከቱ፤ በጣት ገፋ ሲደረግ ወደ መክፈቻው የሚሄድበት ትርፍ ቦታ ካለ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በጭራሽ አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ሌቫውን ወደ ሚኒሞ መልሰው ቢራቢሮውን በእጅ ይዝጉት፤ ክንዱ የሚኒሞውን ብሎን እስኪነካ ድረስ መምጣት አለበት። ዘንጉ አስቀድሞ ከያዘው በሥራ ላይ ገቨርነሩ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ያቅተዋል፣ ጭነት ሲለቀቅ ዙሩ ይዘልላል። ሁለቱም ከተሟሉ መቆለፊያውን ዳዶ ያጥብቁ፣ አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡ።

አንድ ነገር ያክሉ፦ ቢራቢሮው ሙሉ ክፍት እንደሆነ በክንዱና በካርቡሬተሩ አካል ላይ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር ይሳቡ። በኋላ ጭነት ላይ ስንፈትሽ ቢራቢሮው በእርግጥ ሙሉ መከፈቱን ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ ይነግሩናል።

ሚኒሞ

ሞተሩን አስነስተው ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይሥራ፣ ውሃው የሥራ ሙቀቱ ላይ ይድረስ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ዙር ሲሞቅ ይለወጣል።

ሌቫው ሚኒሞ ላይ ሆኖ በቢራቢሮው ክንድ ላይ ያለውን የማቆሚያ ብሎን አዙረው ወደ 425 ያምጡ። ከዚያ የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን በሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ ሞተሩ በጣም ልስልስ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ድብልቁ ሲስተካከል ዙሩ ከፍ ይላል፤ እንደገና በማቆሚያው ብሎን ዝቅ ያድርጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። የድብልቁን ብሎን በኃይል እስከ ታች አያጥብቁ፤ ሹል ጫፉ ከተጎዳ ልስልስ የሚል ቦታ ከእንግዲህ አይገኝም።

ያለ ጭነት ከፍተኛው ዙር

አሁን ብቻ ነው የገቨርነሩ ብሎን የሚነካው። ሌቫውን ቀስ ብለው ወደ ሙሉ ይሳቡና ዙሩን ያንብቡ። 1595 አካባቢ ከሆነ አይንኩት። ካልሆነ በገቨርነሩ በኩል የሌቫውን ጉዞ የሚያቆመውን ብሎን መቆለፊያ ፈትተው በሩብ ዙር ብቻ ያንቀሳቅሱ፣ ሞተሩ እስኪረጋ አሥር ሰከንድ ይጠብቁ፣ እንደገና ያንብቡ። ዳዶውን ሲያጠብቁ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ከቆለፉ በኋላም አንድ ጊዜ ያንብቡ።

ብሎኑን አዙረው ዙሩ ካልተለወጠ ሌቫው ብሎኑ ጋ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ከወንበሩ የሚመጣው ዘንግ አጥሯል ወይም የሌቫው ማቆሚያ አስቀድሞ ይዞታል። ሞላውን በመለጠጥ ወይም ሌላ ቀዳዳ ላይ በማንጠልጠል ዙር ለማግኘት አይሞክሩ። ከልኩ የጠነከረ ሞላ ጭነት ሲመጣ ዙሩ ከሚገባው በላይ እንዲወርድ ያደርጋል፤ የላላ ሞላ ደግሞ ገቨርነሩን ከልክ በላይ ስሜታዊ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያስብለዋል። የተለጠጠ ሞላ የሚጣል ነው፤ በቁጥሩ ትክክለኛውን ይግዙ።

የመከላከያው ሞላ

በዚህ ገቨርነር ላይ ከቤቱ የሚወጣ፣ በዳዶ የተቆለፈ ሌላ ትንሽ ብሎን አለ። ውስጥ ያለችውን አጭር ሞላ ይገፋል፤ ሥራዋ ክንዱ ወደ መዝጊያው ሲሮጥ ማለዘብ ነው። ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ ሞተሩ ያለ ጭነት ከፍ ዝቅ ካለ ይህን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ መንፈራፈሩ እንዳቆመ እዚያው ይቁሙ። አንድ ዙር ማለፍ “ለመተማመኛ” አይጠቅምም። ከመጠን በላይ ከገባ ሞላዋ ቢራቢሮው እንዳይዘጋ ትይዘዋለች፣ ሌቫው ሚኒሞ ላይ ተመልሶ እንኳ ሞተሩ ዝቅ አይልም። ስለዚህ ካስተካከሉ በኋላ የግድ ሚኒሞውን እንደገና ይለኩ። 425 የነበረው ወደ 600 ከወጣ ብሎኑን ይመልሱ፤ የመንፈራፈሩ ምክንያትም ሌላ ቦታ ነው።

ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ሞተሩ ያለ ጭነት እየተንፈራፈረ ሳለ የቢራቢሮውን ክንድ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ባለበት ያቁሙት፤ ዙሩ እንዳይሮጥ ወደ መክፈቻው ሳይሆን ወደ መዝጊያው ጠጋ ያድርጉ። ሞተሩ ወዲያው ከረጋ ካርቡሬተሩና እሳቱ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ገቨርነሩ ወይም ዘንጎቹ ጋ ነው። ክንዱ ተይዞም ሞተሩ የሚንገጫገጭ ከሆነ ገቨርነሩን ይተዉትና ነዳጁንና እሳቱን ይፈትሹ።

ለነዳጁም ፈጣን ፈተና አለ። ቾኩን በጥቂቱ፣ ሩብ ያህል ብቻ ይሳቡ። መንፈራፈሩ ከቆመ ድብልቁ ቀጥኗል፦ የተደፈነ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ)፣ የወረደ የቤንዚን ከፍታ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ወይም በማኒፎልዱ የሚገባ አየር። የቀጠነ ድብልቅ ሞተሩን ያደክመዋል፤ ገቨርነሩ ይከፍታል፤ ዙሩ ይዘልላል፤ ገቨርነሩ ይዘጋል፤ እንደገና ይደክማል። ገቨርነሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ሳለ ጥፋተኛ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው።

ጭነት ላይ መፈተሽ

ጋራዥ ውስጥ የተስተካከለ ገቨርነር ሥራ ላይ ካልታየ አላለቀም። ስልክዎን በማግኔት ወይም በጠንካራ መያዣ ከካርቡሬተሩ አጠገብ አስረው ቪዲዮ እንዲቀዳ ያድርጉ፤ ማሽኑ እየሄደ ሰው አጠገቡ አይታጠፍም። ደረቅና ሜዳማ መሬት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሌቫው ሙሉ ሆኖ አፈር ይግፉ ወይም ከባድ ነገር ይጎትቱ፤ ዙሩ ወደ 1450 እስኪወርድ ጭነቱን ይጨምሩ። በቪዲዮው ላይ በዚያ ሰዓት ሁለቱ ነጭ መስመሮች መገናኘት አለባቸው። ዙሩ 1300 ደርሶ መስመሮቹ ካልተገናኙ የዘንጉ ርዝመት ወይም ሞላው ልክ አይደለም። መስመሮቹ ተገናኝተው ሞተሩ አሁንም ዙሩን መያዝ ካቃተው ግን ገቨርነሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ የቀረው የሞተሩ የራሱ ጉልበት ነው፤ ኮምፕሬሽንና ታይሚንግ ይለካ።

ቀጥሎ ጭነቱን በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። ዙሩ ከፍ ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ መርጋት አለበት። በመዞሪያ ላይም ይሞክሩ፦ አንዱን የመሪ ፍሪሲዮን ስበው በአንድ ሰንሰለት ሲዞሩ ጭነቱ በድንገት ይለዋወጣል፤ ባለ ጎማው ወንድሙ ላይ የማይታይ ድክመት እዚህ ይወጣል።

ሌቫው ራሱን ሲመልስ

ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ሌቫው ቀስ በቀስ ወደ ሚኒሞ የሚንሸራተት ከሆነ የሚይዘው የሰበቃ ዲስክ ዘይት ነክቶታል ወይም አልቋል። ፈትተው በቤንዚን ሳይሆን በፍሬን ማጽጃ ያጽዱ፣ ካለቀም ይቀይሩ፣ የሚጫነውን ሞላ ዳዶ ሌቫው በአንድ እጅ ሳይታገል እስኪሄድ ድረስ ብቻ ያጥብቁ። በጎማ ወይም በገመድ አስሮ መሥራት አደገኛ ነው፤ መቀነስ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ሌቫው አይመለስም።

ገቨርነሩ መፈታት ያለበት መቼ ነው?

ዘንጎቹ ልክ ሆነው፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ የመከላከያው ሞላ ተሞክሮ አሁንም ዙሩ አልረጋ ካለ፣ ወይም ከቤቱ ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ፣ ወይም ክንዱ በእጅ ሲንቀሳቀስ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ካለ ይፈታል። ውስጥ የሚያልቁት ሦስት ናቸው፦ የክብደቶቹ ፒኖች፣ የክብደቶቹ እግር የሚገፋው ቦታ፣ እና ግፊቱን የሚቀበለው ኩሽኔታ። ክብደቶቹን አንድ በአንድ ሲያንቀሳቅሱ በራሳቸው ክብደት ወድቀው መመለስ አለባቸው። የእግራቸው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተበላ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ሚዛኑ ይዛባል። ኩሽኔታውን በጣት አዙረው ጎርበጥ ካለ አዲስ ይግባ፣ ዋጋው ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው። ማርሹን ከመንቀልዎ በፊት ከተጓዳኙ ማርሽ ጋር ያለውን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። የቤቱን ጋስኬት ሲቀይሩ የአሮጌውን ውፍረት ያህል ያድርጉ፤ ያለ ልክ የወፈረ ወረቀት የማርሾቹን አገጣጠም ይለውጣል።

ከተገጠመ በኋላ ሥራው ከዘንጉ ርዝመት እንደገና ይጀመራል። አሥር የሥራ ሰዓት ካለፈ በኋላ የመቆለፊያ ዳዶዎቹ ሁሉ አንድ ጊዜ በቁልፍ ይነኩ፣ 1595ቱ በትኩስ ሞተር ይነበብ፣ ከዚያ ብቻ የከፍተኛው ዙር ብሎን በሽቦ ይታሰር።